መንገድ ላይ የቀረው የኮከብ ልጅ

ጎፋ ማደያው ጋ የነጭ ጋዝ ሽታ በሸተተኝ ቁጥር እናደዳለሁ።

በደርግ ጊዜ ቀበሌ ሱቅ ለጋዝ ስንሰለፍ ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ተረት ይነግሩኝ ነበር። የዘማች ልጃቸውን ባዶ ጀሪካን ሁሌ ከራሳቸው ኋላ ያሰልፋሉ፤ ተራው እንዳያልፈው።

"ሁለት ኮከቦች ይዋጉ ነበር" አሉኝ አንድ ቀን። "የአንዱ ኮከብ ልጅ የሌላኛውን ኮከብ ሴት ልጅ ወደደ። መገናኘት ክልክል ነው፤ በመስታወት ብልጭታ ይጠራራሉ። ኋላ አላስችል ቢለው በመንኮራኩር ወደ እሷ በረረ..."

የሱቁ መስኮት ተከፈተ፤ ሰዉ ተጋፋ።

"ደረሰ?" ብዬ ነጠላቸውን ጎተትኩ።

"ጦርነቱ መቼ አለቀና!" ብለው ተቆጡኝ። የልጃቸውን ጀሪካን በእግራቸው ወደፊት ገፋ አደረጉት።

እኔ ይኸው ሸበትኩ። ያ ልጅ ግን አሁንም እየበረረ ነው። አንድ ቃል ጨምረው ቢያሳርፉት ምን ነበረበት፣ እትዬ?