የመኪና ፈታሹና የቪዛው ደላላ

አየር ጤና ጋራዥ የገባሁ ዕለት አለቃዬ ጋሽ ሙዘይን መፍቻ አላስያዙኝም። ያገለገለ መኪና ሊገዛ ከመጣ ደንበኛ ጋር ይዘውኝ ሄዱ። ሻጩ ምራቁ እስኪደርቅ ሲያወራ ሰሙትና፣ «እንከኗ ምንድን ነው?» አሉት። «ምንም የላትም» አለ። የደንበኛውን ክንድ ይዘው ወጡ።

«መኪናዋን እኮ አላየናትም» አልኳቸው።

«የራሱን መኪና ጉድለት የማያውቅ ሰው የለም። ይህን የደበቀ ሌላውንም ይደብቃል» አሉኝ።

እኔም በዚሁ እንጀራዬን በላሁ። የሞቀ ሞተር እንከኑን ይደብቃልና፣ ስደርስ ሞተሩ ሞቆ ካገኘሁት በማግስቱ ሳይነሳ ላየው እመለሳለሁ። ተጋጭቶ በስቱኮ የተሞላ በር ማግኔት አይዝም። ደላሎች «መጣ ደግሞ ይሄ ጨለምተኛ» ይሉኝ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ጡረታ ስወጣ ልጃችን ሰሚራ ዱባይ ሆና አረገዘች። ባለቤቴ ዘይነባ እዚያው አጠገቧ እንኑር አለች። ለጡረተኛ የሚሰጥ የመኖሪያ ቪዛ አለ፣ የሚያስጨርስም ኤጀንት አለ ተባልንና ቢሮው ሄድን። ፓስፖርታችንንና የቤታችንን ካርታ ይዘን እንድንመጣ አዞን ነበር።

«ካርታው ለምን?» አልኩት።

«አቅም እንዳላችሁ ለማሳየት ነው፣ አባቴ። አይጨነቁ፣ ያለቀ ነገር ነው።»

«ሊያስከለክለን የሚችለው ምንድን ነው?»

«ምንም።»

ፓስፖርቶቹንና ካርታውን ከጠረጴዛው ላይ ሰብስቤ ተነሳሁ።

በታክሲ ወደ ኮልፌ ተመለስን። ቤት ስንገባ ዘይነባ ሻርፗን ሳታወልቅ ቆመች።

«እባብ ያየ በልጥ በረየ ይላሉ፤ አንተ ሳታይም ትሮጣለህ። ለስንቱ ሰው መኪና መረመርክ፤ ለእኛስ? ሁሉም እንከን አለው እያልክ ይኸው በታክሲ አረጀን። አሁን ደግሞ ልጄ ብቻዋን ልትወልድ ነው።»

ያለችው እውነት ስለሆነ ነው ያመመኝ።

ሰሚራ ጋ ደወልኩና እዚያ ቪዛ የሚሰጠውን መሥሪያ ቤት ራሷ እንድትጠይቅ ነገርኳት። ጠየቀች። የእኔ ጡረታ ለዚያ ቪዛ ከሚፈለገው ገቢ አጠገብም አይደርስም። ሰውዬው ይህን ሳያውቅ ያለቀ ነው ይለናል ብዬ አላምንም። ልክ ነበርኩ። ዘይነባ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አለቀሰች፤ ልክ መሆኔ ምንም አልፈየደላትም።

ያኔ ስለ ሥራዬ አንድ ነገር ገባኝ። ለደንበኛ «ይህቺን አትግዛ» ብዬ ቤቴ እገባለሁ እንጂ፣ ከዚያ በኋላ በምን እንደሄደ ጠይቄ አላውቅም።

በማግስቱ ሰሚራን የጉብኝት ቪዛ እንዴት እንደሚወጣ ጠየቅኳት። ባሏ ከዚያ አመለከተ፤ እኔ ከዚህ ዘይነባን ፎቶ ላስነሳ ወሰድኳት። ቪዛው ያለ ደላላ ወጣ። ለመኖር አይሆንም፤ ልጅ አርሶ ለመመለስ ግን በቃ።

ወጣቶቹ ፈታሾች ምክር ሲጠይቁኝ የምላቸው ይህን ነው፦ አይሆንም ማለት የሥራው ግማሽ ነው። የሚሆነውን አብሮ መፈለግ ደግሞ ሌላው ግማሽ ነው።