ወንድሜ ለአጋዘን የቆረጣቸው ዛፎች

ቅዳሜ፣ የካቲት 2014፤ በኛ አቆጣጠር ንጋት 12 ሰዓት ተኩል

በስደት ከምንኖርበት፣ ቤክስሊ ከሚባለው ሰፈር አጠገብ ካለው አፓርትመንት ስንወጣ ገና ጨለማ ነው። የሚነዱት ጋሽ ይማም ናቸው፣ የወንድሜ የሰይድ ጓደኛ። ሰይድን ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ በኮቪድ አጣነው።

ከመሞቱ አንድ ወር በፊት፣ ከከተማው ርቆ በገዛው ትንሽ ጫካ ውስጥ ዛፍ ሲቆርጥ ነበር። እንጨቱን ፈልጎ አይደለም። የዛፎቹ ቅርንጫፍ ከላይ ስለገጠመ መሬቱ ፀሐይ አያገኝም፤ ከሥሩ ለአጋዘን የሚበላ ነገር አይበቅልም። ሜፕል የሚባሉት ቀጫጭን ዛፎች ቢቆረጡ ፀሐይ ይገባል፣ ጉቶውም ያቆጠቁጣል፣ አጋዘን ይመጣል። በአደን ወቅት ቢስሚላህ ብሎ አንድ ይጥላል። ሐሳቡ ይህ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ባለቤቱ ሰዓዳ ጠራችኝ። "ሂድና እየው። እሱ የቆረጠው ካቆጠቆጠ ጫካው ለልጆቹ ይቀመጥ። ከደረቀ እሸጠዋለሁ። አንተ ብቻ እውነቱን ንገረኝ።"

1 ሰዓት ከሃያ፤ ላንካስተር

33 ቁጥር አውራ ጎዳናን ይዘን ወደ ደቡብ ምሥራቅ። አስፋልቱ በጨው ነጥቷል። የታጨደ የበቆሎ ማሳ፣ ቀይ ጎተራ፣ እንደገና ማሳ። ቤንዚን ለመቅዳት ቆምን። ሰዓዳ የቋጠረችልንን እንቁላል በዳቦ መኪናው ውስጥ በላን።

"እኛ ወሎ ዛፍ የምንቆርጠው ለቤት ነው፣ ለማገዶ ነው" አሉ ጋሽ ይማም። "ለአጋዘን ምሳ ብሎ የሚቆርጥ ያንተን ወንድም ብቻ አየሁ።"

"ባሕር ዛፍም ተቆርጦ ያቆጠቁጥ የለም እንዴ፣ ጋሼ?"

"ያቆጠቁጣል። ግን እንግዳ አንጠራበትም።"

ሳቅን። ከላንካስተር በኋላ ሜዳው አልቆ ኮረብታው ጀመረ።

2 ሰዓት ተኩል፤ ጫካው

የጫካው መግቢያ ላይ ጎረቤቱ ዴል ብርቱካናማ ኮፍያ አድርጎ ጠበቀን። ሽማግሌ ነው፤ ዛፍ አቆራረጡን ለሰይድ ያስተማረው እሱ ነው። ሰይድ "ጋሽ ዴል" ይለው ስለነበር እኔም እንዲሁ አልኩት። ደስ አለው።

ጉቶዎቹ አሥራ አንድ ናቸው። ሁሉም አቆጥቁጠው ነበር። አሁን ግን የቀረው የጣት ቁመት የማይሞላ እንጨት ነው፤ ጫፉ ሁሉ በጥርስ ተቦጭቋል።

"ታዲያ ለነሱ አይደል እንዴ የተቆረጠው? ይብሉ!" አሉ ጋሽ ይማም።

ዴል ራሱን ነቀነቀ። "መብላታቸው ጥሩ ነበር። ግን ቀንበጡ ቁመት ሳያወጣ በሉት። እየደጋገሙ ከላጩት ሥሩ ይደክምና ይሞታል። ሰይድ ለዚህ ነበር ቅርንጫፉን ጉቶው ላይ የከመረው፣ አፋቸው እንዳይደርስ። ማን አነሳው?"

ያነሳሁት እኔ ነኝ። በሞተ በወሩ፣ ሚያዝያ ላይ፣ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር መጥተን ነበር። ቅርንጫፉ ተዘበራርቆ ሳየው ሥራውን ሳይጨርስ የሞተ መሰለኝ። እኛ ዘንድ የሟች ቦታ እንደዚያ አይተውም፤ ሰው የለውም ያሰኛል። ቀኑን ሙሉ ጎተትን፣ መለመልን፣ በገመድ አስረን ዳር ላይ ደረደርን። ፎቶውን ለእናቴ ላክሁላት። መረቀችኝ።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

ዴል ዳር ላይ ያለውን ክምር አየ። "ጎበዝ አሳሪ ነህ" አለ። ጋሽ ይማም ትከሻዬን ያዙኝ።

ከዚያ ዴል ሰንጢውን አውጥቶ የጉቶዎቹን ልጥ በትንሹ ፋቀ። ከሥሩ አረንጓዴ ከሆነ ሕይወት አለው። የመጀመሪያው ቡናማ ነው። ሁለተኛውም። ሦስተኛው አረንጓዴ። እስከ አሥራ አንደኛው ሄድን። ሰባቱ አረንጓዴ ናቸው። ሁለቱ ይኑሩ ይሙቱ ዴል ራሱ መለየት አልቻለም።

"ዘንድሮ ከተሸፈኑ ሊያንሰራሩ ይችላሉ" አለ። "ቃል አልገባም።"

የራሴን ቋጠሮ በቢላ በጠስኩ። ጭራሮውን ተሸክመን መልሰን ከመርን፤ ጋሽ ይማም "እሾህ ያለውን ከላይ!" እያሉ ያዛሉ። አልበቃም። ዴል አንድ ሜፕል በሞተር መጋዝ ወገቡ ላይ ቆረጠ፤ ግን አልጨረሰውም፣ በአንድ በኩል ልጡን ተወለት። ዛፉ ቀስ ብሎ ተጋደመና ሁለት ጉቶ ሸፈነ። "ተኝቶም ቅጠል ያወጣል" አለኝ። ልጡን በእጄ ነካሁት። እርጥብ ነው።

10 ሰዓት፤ ቤት

መንገድ ላይ ለሰዓዳ ምን እንደምላት አሰብኩ። ሰባቱን ብቻ መንገር ይቻል ነበር። ጋሽ ይማም ሳልጠይቃቸው "ሁሉንም ንገራት" አሉ።

በሩን ከፈተችልኝ። ጫማዬን ሳላወልቅ ነገርኳት፦ ሁለቱ ደርቀዋል፣ ሁለቱ አይታወቁም፣ ሰባቱ አሉ። ያስበላሁት እኔ ነኝ።

ሰዓዳ እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች።

"ግንቦት ላይ ቅጠል ሲያወጡ አብረን ሄደን እናያለን" አለች። "እስከዚያ ማንም ምንም እንዳያጸዳ።"