ተርቦቹና የካራቆሬው ሰው

የያዙኝ ከክፍል ስወጣ፣ የጠመኔው ብናኝ ከእጄ ሳይራገፍ ነው። ያስገቡኝ ሸዋሮቢት ዳር አሮጌ የሽንኩርት መጋዘን ውስጥ ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ፤ ቀጥሎ የበሰበሰ ሽንኩርት ሽታ። ከዚያ ከላይ ድምፅ ሰማሁ። ቀና ስል ከጣሪያው እንጨት ላይ ሳህን የሚያህል የተርብ ቤት ተንጠልጥሏል።

ዐሥራ ዘጠኝ ነበርን። በሦስተኛው ቀን አንድ ከአጣዬ የመጣ የባጃጅ ሹፌር አንገቱን ተነደፈ። እኛን ሲነድፈን አብጦ ያልፋል። እሱ ግን ከንፈሩ ወፈረ፣ ዓይኑ ተደፈነ፣ ትንፋሹ ያፏጭ ጀመር። በሩን ደበደብን። ዘብ ዘግይቶ መጣ፤ ሐኪም ግን አልመጣም። እንደ ዕድል ሆኖ ወደ ማታ ትንፋሹ ተመለሰ።

“ልጅ ሆኜም እንዲሁ አድርጎኝ ነበር” አለን። “አሁን ደግሞ ከነደፈኝ እንጃ።”

ከዚያ ወዲያ የለመንነው መሰላል ብቻ ነው። ተረኛው “ለአለቃ እነግራለሁ” ይላል፤ ተረኛው ይቀየራል፤ አዲሱ አልሰማሁም ይላል። ማመልከቻ ጻፉ አሉን። ወረቀት ስንጠይቅ ወረቀት ክልክል ነው አሉን። አንድ ቀን አለቃው ራሱ ብቅ አለ።

“መሰላል ለእስረኛ? ተርብ እየፈራችሁ ነው ፖለቲካ ውስጥ የገባችሁት?” ብሎ ስቆ ሄደ።

ፖለቲካ ውስጥ መቼ እንደገባሁ የነገረኝ የለም።

ከመካከላችን ስድሳን ያለፉ የካራቆሬ ገበሬ ነበሩ፤ ንብም ያነቡ ነበር። ጋሼ እንላቸዋለን። ሰው በጫማው ተርብ ሲያሳድድ ይቆጣሉ።

“አትጨፍልቁት! ሽታው ሌሎቹን ይጠራል። እናንተን ፈልጎ መሰላችሁ የገባው? ውጭው ነዷል፤ ጥላና ውሃ ሽቶ ነው።”

“ታዲያ ምን ይሻላል፣ ጋሼ?” አልኳቸው።

“የሚቀምሰውን እንንፈገው።”

የበላነውን የማንጎ ልጣጭ በፌስታል ቋጠርን፣ የውሃ ጄሪካኑን ከደንን፣ የሻይ ኩባያ ሳናጥብ ማስቀመጥ ተውን። ተርቡ ቀነሰ። ቤቱ ግን እዚያው ነው።

“ማለዳ፣ ቆርቆሮው ሳይግል፣ መብረሩ ይከብዳቸዋል” አሉኝ። “ትከሻህ ይችለኛል?”

ጎህ ሲቀድ ሹፌሩን ጥግ አስይዘን በብርድ ልብስ ሸፈንነው። ጋሼ ፊታቸውን በፎጣ ጠቅልለው “ቢስሚላህ” ብለው ትከሻዬ ላይ ወጡ። ከመጋዘኑ ጥግ ያገኘነውን የማዳበሪያ ከረጢት ከሥር አስጠግተው ቤቱን ከነተርቡ ከተቱትና አፉን አነቁት። እጃቸውን ነደፏቸው፤ የከረጢቱን አፍ ግን አልለቀቁም። ከረጢቱን ውሃ የሞላ ባልዲ ውስጥ ነከርነው። የቀረው ተርቦቹ የሚገቡበትን ከግድግዳው ራስ ያለ ቀዳዳ መድፈን ነበር። ከወለሉ አፈር ጭቃ አቦካን።

ጋሼ እንደገና ትከሻዬ ላይ ሆነው ግማሹን እንደደፈኑ በሩ ተከፈተ። ዘቡ ስማቸውን ጠራ።

“ተፈተዋል። ዕቃዎን ይያዙና ይውጡ!”

“ቆየኝ” አሉ ዞር ሳይሉ።

“አባት፣ መኪናው ይሄዳል እኮ!”

“ይሂድ። ውጭ ያደሩት ተመልሰው ከገቡ ይሄ ሰው ይሞታል።”

“ስምዎ ይሰረዛል እላለሁ!”

“ሰርዘው። ጭቃ አቀብሉኝ እናንተ።”

አቀበልናቸው። ቀዳዳውን ደፍነው፣ የገዛ ቤታቸው ይመስል በመዳፋቸው አለሰለሱት። ወርደው እጃቸውን ታጠቡ፣ እያንዳንዳችንን “አውፍ በሉኝ” ብለው ይቅርታ ጠይቀው ወጡ። መኪናው ሄዶ ነበር። ሌላ ፊርማ ያስፈልጋል ተብለው ሁለት ቀን ግቢው ውስጥ ተቀምጠው ዋሉ፤ በበሩ ስንጥቅ እናያቸው ነበር። ሹፌሩ ያን እያየ አለቀሰ።

እኔም ከወራት በኋላ፣ ሳልጠየቅ ሳልከሰስ ተለቀቅኩ። ባለፈው ዓመት ካራቆሬ ሄጄ ጠየቅኳቸው። ሽምብራ እሸት አቀረቡልኝ።

“ለምን እንዳሰሩዎት ነገሩዎት፣ ጋሼ?”

“የለም። አንተንስ?”

“እኔንም አልነገሩኝም።”

ሁለታችንም ንዴቱ አልወጣልንም። በማን ላይ እንደምናወጣው ግን አላወቅንም፤ እሸቱን መፈልፈል ቀጠልን።