የውኃው ሞተር ዝም ሲል
የጎረቤታችን ሆቴል የመዋኛ ገንዳ ሞተር ሲጮኽ ሰንብቶ፣ ዛሬ መካኒኩ ሊጠግነው ሲያጠፋው እጄ ወደ ምሳዬ ሄደ።

በንጉሡ ጊዜ፣ ንፋስ መውጫ፣ የከተማው የውኃ መሳቢያ ሞተር የሚጠፋው ዘጠኝ ሰዓት ስለነበር፣ በጾም እህል የምንቀምሰው እሱ ዝም ሲል ነበር። አንድ ጉም የሸፈነው የሁዳዴ ቀን ዝም አለ። እናቴ ሽሮ አቀረበች፤ የንስሐ አባታችን ባርከው ጎረሱ። ሁለተኛውን ሲጠቀልሉ ሞተሩ እያጓራ ተነሣ። ለካ ተበላሽቶ እየተጠገነ ኖሯል፤ ገና አምስት ሰዓት ነው!

«አባ፣ ምን ሊውጠን ነው?» አለች እናቴ።

አባ የጎረሱትን ዋጡና «የንስሐው አርባ ስግደት የመካኒኩ ነው» አሉ።

የምር መስሎኝ ሮጬ ነገርሁት። ሰውየው መፍቻውን አስቀምጦ መስገድ ጀመረ።

አሁን የሆቴሉ ሞተር ተነሣ። የጠቀለልሁትን ጉርሻ፣ ዞር ዞር ብዬ አይቼ፣ ቀስ ብዬ መለስሁት።