የወንድሜ ተረከዝ

የምስር ፍሬ የምታህል ሌንስ አለችኝ። ከፀጉር ማስያዣ ጋር በክር ታስራ ክብሪት ቀፎ ውስጥ ትቀመጣለች። ትናንት መሳቢያዬን ሳጸዳ ቀፎውን ከፈትኩትና የሱዳኗ ገዳሪፍ ቤታችን ሽታ መጣብኝ፤ የጋለ ቆርቆሮ፣ የሰሊጥ ዘይትና ውሃ የተረጨበት አፈር። ይኸውላችሁ፣ ዛሬ ጎንደር ውስጥ የሰርግ ፎቶ አንሺ ነኝ፤ ትልልቅ ካሜራ እጄ ላይ ይውላል። ያቺን ሌንስ ግን አየት አድርጌ ቀፎውን መልሼ ዘጋሁት።

ያኔ አስራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከታላቅ ወንድሜ ጋር ከአንዲት ሱዳናዊት አሮጊት ግቢ አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። አሮጊቷን እንደ አገሩ ሰው ሃቦባ እንላታለን፣ አያቴ እንደማለት ነው። የሱዳን ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ደጅ ላይ ስልክ አውጥቶ ፎቶ ማንሳት በነፍስ መጫወት ሆኖ ነበር። ድልድይ አነሳህ፣ ኬላ አነሳህ ተብሎ ተይዞ ስለቀረ ሰው የማንሰማበት ቀን አልነበረም። የኛ የስደተኛ መታወቂያ ደግሞ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። ስለዚህ ወንድሜ ካሜራ ከበር እንዳይወጣ ከለከለኝ። እኔ እንደሆንኩ ፎቶ ካላነሳሁ ያመኛል። ደጁ ሲከለከልብኝ ቤት ውስጥ ወዳለው ዞርኩ፤ ጉንዳን፣ ዝንብ፣ የከርከዴ አበባ።

ሌንሷን ያመጣልኝ ያው የከለከለኝ ወንድሜ ነው። ገበያ ላይ ከተጣለ የሌዘር መብራት ውስጥ ፈልቅቆ አወጣት። በፀጉር ማስያዣዬ ቆንጥጠን ስልኬ ካሜራ ላይ በፕላስተር ለጠፍናት። የመጀመሪያ ቀን ያነሳሁት ሁሉ ጭጋግ ነበር። ቀስ በቀስ ገባኝ፤ የሚነሳው ነገር ከሌንሷ አንድ ጣት እንኳ መራቅ የለበትም፣ እጅም ንቅንቅ ማለት የለበትም። ሁለት የሻይ ብርጭቆ ደፍቼ ስልኩን በላያቸው አጋድመዋለሁ። በጣሪያው ቀዳዳ ረፋድ ላይ የሚወርደውን ብርሃን በነጭ የዱቄት ከረጢት እመልሰዋለሁ። ከዚያ ትንፋሼን ውጬ እጫናለሁ። ትንፋሽ መዋጥ መቼም ለኛ አዲስ አልነበረም፤ የወታደር መኪና በበራችን ባለፈ ቁጥር የምናደርገው ነው።

አንድ ቀን ወንድሜ ድንበሩ ዳር ቁረይሻ ከሚባል አገር ሰሊጥ ሲያጭድ ከርሞ መጣና አልጋው ላይ ተዘረረ። ተረከዙ ክፉኛ ተሰነጣጥቆ ነበር። እንቅልፍ እንደወሰደው ብርጭቆዎቼን አስጠግቼ አነሳሁት። ስልኩ ላይ ሳየው ተረከዝ አይመስልም። በጋ የሰነጠቀው ጥቁር መሬት ነው፤ የማጭድ ጠባሳው መንገድ፣ ስንጥቁ ውስጥ የገባችው ገለባ ጎጆ። ወንድሜ ነቅቶ ሲያየው ሳቀ።

"ቁረይሻን ተሸክሜ መጣሁ በይኛ" አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ከሻ ደረሰብን። ከሻ የምንለው ወረቀት የሌለውን ስደተኛ የሚለቅመውን አፈሳ ነው። ሦስት ወታደሮች ገቡ። ሃቦባ በሩ ላይ ቆማ የኔ ልጆች ናቸው ብላ ብትለምንም አልሰሟትም። አዛዣቸው ስልኬን ተቀብሎ ፎቶዎቹን በጣቱ ይገፋ ጀመር። ዝንቡ አለፈ፣ ጉንዳኑ አለፈ፣ ተረከዙ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

"ዲ ወይን?" አለ። ይሄ የት ነው ማለቱ ነው።

ድሮን ከሰማይ ያነሳው የድንበር እርሻ መስሎታል። ሌሎቹም አዩትና የወንድሜን እጅ ወደ ኋላ ጠመዘዙት። የማውቀው ዐረብኛ ሁሉ ጠፋኝ። በኔ ጨዋታ ወንድሜን ሊወስዱት ነው። 

ወንድሜ በአንዱ እግሩ የሌላውን ጫማ ገፍቶ አወለቀና ተረከዙን አሳያቸው። እግሬ ነው፣ እህቴ ነች ያነሳችው አላቸው። አዛዡ አላመነም። እንደዚያ ከሆነ አሁኑኑ ታንሳው አለ።

ብርጭቆዎቹን ስደፋ እርስ በርስ ይንቃጨሉ ነበር። የመጀመሪያው ጭጋግ ወጣ። ሁለተኛውም ጭጋግ። አዛዡ ስልኩን ሊቀማኝ እጁን ሲዘረጋ ወንድሜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በአማርኛ ተናገረኝ።

"እታለም፣ እነሱን አትይ። ትንፋሽሽን ዋጪ።"

ዋጥኩ። በሦስተኛው መንገዱም መሬቱም ጥርት ብሎ ወጣ።

አዛዡ ስልኩንና ተረከዙን እያፈራረቀ ብዙ አየ። ከዚያ እጁን ልቀቁት አለ፤ እኔን ግን ሁሉንም አጥፊ አለኝ። እሱ እያየኝ አጠፋሁ፣ አዲሱንም አሮጌውንም። መታወቂያውን ሳይጠይቁን ሲወጡ ወንድሜ አጠገቤ ተቀመጠ። እያለቀስኩ የነበረው ለፎቶው መስሎታል።

"ተረከዜ እንደሆነ የትም አይሄድ" አለኝ። "ነገ ታነሺዋለሽ።"

በማግስቱ አላነሳሁትም፤ ሌንሷን ከስልኩ ነቅዬ ክብሪት ቀፎ ውስጥ ከተትኳት። በሳምንቱ መታወቂያችንን ላሳድስ ብሎ የስደተኞች ቢሮ ወዳለበት ሾዋክ በአውቶቡስ ሄደ። ሳይመለስ ሲቀር ቀናት ቆጥሬ ተከትዬው ሄድኩ፤ ቢሮው በር ላይ ወረፋ የያዙትን ሁሉ ብጠይቅ ያየው የለም። እስከ ዛሬም የለም።

ፊቱማ አለን። እናታችን አሳጥባ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች፣ በየዘመዱ ቤትም አለ። እኔ ያጣሁት ተረከዙን ነው።