ብርሃን የሚያዞር ስኳር

የዶክትሬት ጽሑፌን በኢንተርኔት በምከላከልበት ቀን ሐኪም ጋራ በሚባለው ሰፈራችን መብራት ጠፋ። ላፕቶፔን አቅፌ በባጃጅ ፈላና በር አጠገብ ያለው ጓደኛዬ ቤት ደረስኩ። እናቷ ገና ያላለፍኩትን ፈተና ሊያከብሩልኝ ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ እየጠበሱ ነበር።

«ግቢ ልጄ። ለመሆኑ ምንድን ነው የምትማሪው?» አሉኝ።

ጊዜ ነበረኝ፤ ፍርሃቴንም ያስረሳኛል ብዬ ጀመርኩ። «ዓለም ሕፃን ሳለች የተነሣ ብርሃን አለ፣ ዛሬም ይደርሰናል። ያ ብርሃን ሲወዛወዝ ወደ አንድ አቅጣጫ ያደላል። መንገዱ ላይ የሰማይ ማግኔት ካገኘው ግን አቅጣጫው ይዞራል። እኔ መዞሩን አሰላለሁ።»

«ምንም አልገባኝም!»

ከሸዋ በር ገበያ የገዛሁትን ነጸብራቅ የሚከለክል የፀሐይ መነጽር አደረግኩላቸውና ነጩን ስክሪን እያዩ አንገታቸውን ዘንበል እንዲያደርጉ ነገርኳቸው። ስክሪኑ ጠቆረባቸው።

«ወላሂ ጠፋ!»

«አልጠፋም። የስክሪኑም ብርሃን ባንድ አቅጣጫ ነው የሚወዛወዘው፤ መነጽሩ አላሳልፍ አለው። አሁን እንዳሉ ይቆዩ።» ሙሸበኩ የሚነከርበትን ወፍራም የስኳር ውሃ በብርጭቆ ሞልቼ ስክሪኑ ፊት ያዝኩ። በጨለማው ላይ ብርጭቆው ብቻ በራ፤ ሐምራዊና ቢጫ ሆነ። «ስኳሩ ብርሃኑን ስላዞረው አለፈ። የሰማዩ ማግኔትም በራሱ መንገድ እንዲሁ ያዞራል።»

«ሱብሃነላህ!» ብለው ጎረቤቶቻቸውን ተጣሩ። መነጽሩ ከፊት ወደ ፊት ዞረ፤ ሴቶቹ ሁሉ አንገታቸውን እያዘነበሉ ሲስቁ እኔም ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ።

የፈተናዬ ሰዓት ሲደርስ ፈታኞቹ ስክሪኑ ላይ ታዩ። ከፈታኞቹ አንዱ «ብርሃኑን ያዞረው ማግኔት ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለሽ?» ብሎ አጥብቆ ጠየቀኝ።

«ማግኔት ካዞረው፣ ሞገዱ በረዘመ መጠን አብዝቶ ይዞራል፤ በተለያየ የሞገድ ርዝመት ለክተን እናነጻጽራለን» አልኩት። ፈታኞቹ ጥቂት ተማክረው ተመለሱና «እንኳን ደስ አለሽ፣ ዶክተር» አሉኝ።

እናትየው ከፈታኞቹ ድምፅ በላይ እልል አሉ፤ ጎረቤቶቹ ተቀበሏቸው። ስክሪኑ ውስጥ ያሉት ፈታኞችም ሳቁ።

ሙሸበኩን እየበላን ሳለ እናትየው ጠጋ ብለው «ያን ማግኔት ግን ሰማይ ላይ ምን አመጣው?» አሉኝ።

«እሱን ገና አላወቅንም።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ትከሻዬን መታ እያደረጉ፤ «ሥራ አልፈታሽም ማለት ነው።»