ጠግቦ የሮጠ የለም ብዬ ኮምቦልቻ ወረድኩ

ሰኞ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ደሴ

ሱብሒን ሰግጄ ሆጤ ሰፈር ካለው ቤቴ ወጣሁ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ልጄ ዘሃራ ከእኔ ቀድማ ተነስታ፣ ሮጣ ተመልሳለች። በሩ ላይ ቦርሳዬን ስታቀብለኝ እጇ እንደ ብረት ቀዘቀዘኝ። ቁርስ ብዪ ብላት፣ «ቀዷ ላይ ነኝ አባባ» አለች። ቀዷ በረመዳን ያመለጠን ጾም በሌላ ቀን ጾሞ ማካካስ ነው። ዲኗን የምታከብር ልጅ ስለሰጠኝ አላህን አመስግኜ መንገዴን ቀጠልኩ።

እኔ የአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት የወጥ ቤት ኃላፊ ነኝ። ሙያውን ያስተማረኝ የለም፤ ከጭሱና እጄ ከገባው መጽሐፍ ለቃቅሜ ነው ያገኘሁት። ዘንድሮ የክፍለ ሀገሩን ሯጮች እንድንመግብ ስለተመደብን ኮምቦልቻ ላይ ለሦስት ቀን ትምህርት ተጠርተናል። ከሯጮቹ አንዷ ዘሃራ ናት። ቅዳሜ ማጣሪያ አለባት፤ ካለፈች አዲስ አበባ ትሄዳለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ብቻዬን፣ በቁጥጥር አሳድጌያታለሁ። አላፍርበትም።

ፒያሳ ላይ ሻይ በዳቦ ቀምሼ ሎንቺና ተሳፈርኩ። እግሬ ሥር ሁለት ዶሮዎች፣ ጎኔ የበርበሬ ጆንያ። ሾፌሩ ወሬ ወዳድ ነው፤ ምን ሊማሩ ነው የሚወርዱት ጋሼ አለኝ። ስለ ምግብ አልኩት።

«ምግብ ደግሞ ትምህርት አለው? ይኸው እኔ ሳልማር እበላለሁ።»

መኪናው ሙሉ ሳቀ። ኬላው ላይ ወታደሮች ሁላችንንም አስወርደው የይለፍ ወረቀታችንን አዩ። ከዚያ የሐረጎ ጠመዝማዛ ጀመረ፤ ገደል በቀኝ፣ ገደል በግራ፣ ከታች ሽቅብ የሚያቃስቱ የጦር ካሚዮኖች። ከሁለት ዓመት በፊት በዚሁ መንገድ ዳር ሰው በረሃብ ወድቆ አይቻለሁ። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ዓይኔ ይፈልጋቸዋል።

ሰኞ፣ 3 ሰዓት፣ ኮምቦልቻ

እዚህ ሙቀት ነው፤ ካፖርቴን አውልቄ በክንዴ ያዝኩ። አዳራሹ ውስጥ ሠላሳ የምንሆን የወጥ ቤትና የጤና ሠራተኞች ነን። አስተማሪያችን ሲስተር ዘነበች የሥነ ምግብ ባለሙያ ናት፤ አጭር ሴት፣ ድምፅዋ ግን ከኋላ ወንበር ይደርሳል። ሯጭ ከሩጫ በፊት በሶ፣ ከሩጫ በኋላ ምስር፣ እንቁላል፣ ወተት ያስፈልገዋል አለች። እጄን አውጥቼ ቆምኩና ለሃያ ዓመት ለተማሪዎቼ የምለውን አልኩ፤ ጠግቦ የሮጠ የለም።

አጠገቤ የተቀመጠችው የፋብሪካ ወጥ ቤት ኃላፊ ወይዘሮ የሺ ቀና ብላ አየችኝ። «ጋሽ ሰዒድ፣ እርስዎ ጋ ያሉት ሯጮች ናቸው ወይስ መነኮሳት?»

ሰው ሳቀ። ሲስተር አልሳቀችም። «እንጨቱ ያለቀበት ሰው የቤቱን ምሰሶ ማንደድ ይጀምራል» አለችኝ። መልስ ነው ብዬ አልተቀበልኩትም፤ ደብተሬ ላይ ግን ጻፍኩት።

ማክሰኞ፣ ከቀትር በፊት

የዛሬው ትምህርት አናደደኝ። ምግብ እያለ ስለማይበሉ ሰዎች ነው። ማዕድ ቀርቦለት እምቢ የሚል ሰው ጥጋበኛ እንጂ በሽተኛ አይደለም ብዬ ተከራከርኩ፤ የመንገድ ዳሩንም ረሃብ አነሳሁ። ሲስተር እስክጨርስ ጠበቀችኝና በሽታ ነው አለች። በልቻለሁ ይላሉ፤ እየጾምኩ ነው ይላሉ፤ ይበርዳቸዋል፤ አርፈው አይቀመጡም። የሴቶቹ የወር አበባ ይቀራል። በወንዶች ፊት እንዲህ ያለ ቃል በመናገሯ አፈርኩላት፤ ያንን ብቻ ሳልጽፈው ቀረሁ።

ለዙሁር ሶላት ልታጠብ ቧንቧው ጋ ሄጄ ውዱእ ጀመርኩ። ግራ እጄን እያጠብኩ ነገሩ መጣብኝ። ሴት በወር አበባዋ ቀናት አትጾምም፤ ቀዷ የሚኖርባት በዚያ ነው። ዘሃራ ግን ባለፈው ረመዳን ሠላሳውንም ቀን ጾማለች። እንደ ወንድ ጾመች ብዬ መስጊድ በር ላይ ያወራሁት እኔው ነኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ወር ሙሉ ቀዷ ላይ ናት። ምኑን ነው የምታካክሰው? ሠላሳውንስ ሳታቋርጥ እንዴት ቻለችው? ውሃው ይወርዳል፤ የት እንደደረስኩ ጠፋኝ። ውዱኡን ሦስት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

ለየሺ አንዲት የማውቃት ልጅ አለች ብዬ ጀመርኩ። «ልጅዎት ናት?» አለችኝ። መልሴን ሳትጠብቅ እጅጌዬን ይዛ ሲስተር ዘንድ ወሰደችኝ።

ሁሉን ነገርኳት። ሐኪም እስኪያያት እንዳትሮጥ አለች፤ እንዳልጮህባት፣ አብሬያት እንድበላ። ጥፋተኛው ማን ነው ብዬ ጠየቅኳት። «እሱን ይተዉትና ሐኪም ቤት ይውሰዷት። ስትበላም አፏን አይጠብቁ።»

ሥራዬ ይኸው ነው፤ ማን ሳህኑን እንደጨረሰ፣ ማን እንዳስተረፈ ማየት። «ታዲያ ዓይኔን የት ላድርግ?» አልኳት።

«ሌላ ቦታ» አለችኝ።

ረቡዕ፣ ከሰዓት በኋላ

ከገበያ ብርቱካን ገዝቼ ተመለስኩ። ያው ሾፌር ነው፤ እህ፣ መብላት ተማሩ ጋሼ አለኝ። ገና አልጨረስኩም አልኩት። ሐረጎን ስንወጣ ብርዱ ተቀበለን። ዓይኔ እንደ ልማዱ መንገድ ዳሩን ፈለገ፤ ሐሳቤ ግን ቤቴ ነበር። የሚበላው ያጣ ሰውና ምንም ሳያጣ የሚራብ ሰው በአንድ ራስ ውስጥ አልገጥም አሉኝ። ወላሂ፣ አሁንም አልገጠሙልኝም።

10 ሰዓት ላይ ሆጤ ደረስኩ። ዘሃራ የሩጫ ጫማዋን እየሰፋች ነበር።

«ሠላሳውንም ቀን ጾመሻል» አልኳት። «የምን ቀዷ ነው የምታወጪው?»

መርፌው ቆመ። «ጠግቦ የሮጠ የለም ያሉት እርስዎ ነዎት» አለች። አነጋገሯ ክስ አልነበረውም፤ የተማረውን በቃሉ እንደሚመልስ ተማሪ ነው የተናገረችው።

«ብያለሁ። ተሳስቻለሁ» አልኳት። ለልጄ ይህን ቃል ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ቅዳሜ እንደማትሮጥ፣ ነገ ሐኪም ቤት አብረን እንደምንሄድ ነገርኳት። አለቀሰች፤ ለሩጫው ነው ያለቀሰችው። እንድታለቅስ ተውኳት።

ከዚያ ዳቦ ቆርሼ፣ ብርቱካኑን ልጬ መካከላችን አኖርኩ። የሌለ ቀዷ አይወጣም፣ ብዪ አልኳት። የራሴን ድርሻ ይዤ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩና ዓይኔን ጦሳ ተራራ ላይ አደረግኩ። ከኋላዬ ለረጅም ጊዜ ምንም አልተሰማም። በኋላ ዳቦ ሲቆረስ ሰማሁ። አልዞርኩም። ደሴ ስኖር ሠላሳ ዓመቴ ነው፤ ጦሳን እንደዚያ አተኩሬ አይቼው አላውቅም።